መምህር፣ ሹምና ገጣሚ የነበሩ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲዘጋጅ

በየክልላችን እንዲህ ያሉ ሰዎች አይጠፉም። በወጣትነታቸው ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው ገጠር ይመደባሉ፣ ዓመታት ያስተምራሉ። መንግሥት ሲለወጥ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተነሥተው ወረዳ ወይም ዞን ይመራሉ፤ ቆይተውም የክልል ምክር ቤት አባል ወይም የቢሮ ኃላፊ ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ መሀል ግጥም መጻፋቸውን አላቋረጡም። ጡረታ ሲወጡ ወይም ሲያርፉ ልጆቻቸው፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ አንዳንዴም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ታሪካቸውን ለማዘጋጀት ይነሣሉ። ይህ ጽሑፍ በሥራው ላይ ከቆየን ሰዎች ለእነሱ የቀረበ ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ተነሥተው አዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፣ ግጥምና ቴአትር ጽፈዋል፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜም ወደ ሱዳን ተሰደዋል። ሐዲስ ዓለማየሁም ከሹመቱና ከዲፕሎማትነቱ በፊት መምህር ነበሩ። እነሱን አገር ያውቃቸዋል፤ የክልል ሰው ግን ወረቀቱ ቶሎ ይበተናል። ሥራው ሳይውል ሳያድር መጀመር ያለበትም ለዚህ ነው።

ትልቁ ችግር ሦስቱ ኑሮዎች በሦስት ቦታ፣ እርስ በርስ በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ መገኘታቸው ነው። መምህርነቱ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ማኅደርና በተማሪዎች ትዝታ ውስጥ አለ። ፖለቲካው በቃለ ጉባኤ፣ በጋዜጣና በፓርቲ ወረቀት ውስጥ ተቀምጧል። ግጥሙ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ በደብተርና በብጣሽ ወረቀት ላይ ነው። ቤተሰብ ብቻውን ሲጽፍ ውዳሴ ይሆናል፤ የቀድሞ የፓርቲ ባልደረባ ሲጽፍ መከላከያ ወይም ክስ ይሆናል፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሲጽፍ ደግሞ ሰውየው ከነኑሯቸው ጠፍተው ስንኝ መተንተን ብቻ ይቀራል። ሦስቱን የሚያገናኘው ቀን ነው። ቀኑ ያልተያዘ ግጥም በፖለቲካው አይፈታም፤ ቀኑ ያልተያዘ ሹመትም በግጥሙ አይተረጎምም።

የቀን ሠንጠረዡ

ስለዚህ አንድም አንቀጽ ከመጻፋችሁ በፊት ሠንጠረዥ አውጡ። ዓምዶቹ ዓመተ ምሕረቱ ከነወሩና ከነቀኑ፣ ባለታሪኩ የነበሩበት ቦታ፣ የያዙት ሥራ፣ የጻፉት ግጥም፣ በአገር የሆነው ነገር፣ የመረጃው ምንጭ፣ እና ምንጩ ምን ያህል እንደሚታመን ይሁኑ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች የሚዘል ሰው ሥራው ሲገፋ ያዝናል። «1979» ብሎ የጻፈውን ከደብዳቤ ይሁን ከአክስቱ አፍ ያገኘው መለየት ያቅተዋል።

የዘመን ቆጠራ ስሕተት እዚህ ላይ ይበዛል። ከውጭ አገር ሥልጠና የተገኘ ምስክር ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሆን ብዙ ሰው በደፈናው 8 ይቀንሳል። ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ባለው 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ግን 7 ነው። ኦክቶበር 1987 የተሰጠ ሰርተፊኬት የ1980 ዓ.ም. እንጂ የ1979 አይደለም። የበጀት ዓመትም እንዲሁ ያሳስታል፤ ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር «በ1990 በጀት ዓመት ተሾሙ» የሚል ሪፖርት ሐምሌ 1989ን ሊያመለክት ይችላል። የትምህርት ዓመቱ ደግሞ ከመስከረም ይነሣል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሦስቱም አቆጣጠሮች ስለሚገናኙ እያንዳንዱን ቀን በየትኛው እንደተጻፈ ምልክት አድርጉበት።

የልደት ዘመን በቃል ብቻ ሲገኝ ወንጌላዊው ይረዳል። ሽማግሌዎች ዓመቱን ቢረሱ «በዘመነ ማርቆስ ነው» ይላሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1942 ላይ 5500 ሲደመር 7442 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ማርቆስ ነው። ስለዚህ «ዘመነ ማርቆስ» ያሉት 1938፣ 1942 ወይም 1946 ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በታላቅና በታናሽ ወንድም ዕድሜ ነው። የሳምንቱ ቀን ከታወሰም ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሰኞ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ሐሙስ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ማክሰኞ ነበር። በእነዚህ ቀናት የሆነ ትዝታ ዕለቱ ካልገጠመ አንድ ነገር ተዛብቷል ማለት ነው።

ከጥቁር ሰሌዳው በኩል

የመምህርነት ዘመን ዋና ሰነድ የግል ማኅደር ነው። ባለታሪኩ በመጨረሻ በሠሩበት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ወይም ባስተማሩበት ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ውስጡ የሕይወት ታሪክ ፎርም፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር፣ የደረጃ ዕድገት፣ የሥራ አፈጻጸምና ካለም የዲሲፕሊን ወረቀት አለ። ማኅደሩ ሲጠየቅ ወራሽነትን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ማስረጃ ወይም የባለታሪኩ የራሳቸው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ማንም አያሳይም፣ ማሳየትም የለበትም።

በፎርሙ ላይ ያለውን የልደት ቀን እንደ ቅዱስ ቃል አትያዙ። በቅጥር ጊዜ የተሞላው ዕድሜ ለጡረታ ስለሚያገለግል ብዙዎች ያን ጊዜ ለመቀጠር የሚያበቃቸውን ዓመት አስሞልተዋል። የክርስትና ስም፣ የዓለም ስምና ትምህርት ቤት ሲገቡ የተመዘገቡበት ስም የተለያዩ የሆኑበት ጊዜም አለ። ሦስቱን ስም ይዛችሁ ካልፈለጋችሁ የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤታቸውን «የለም» ትባላላችሁ።

ቀን የጠፋበት ደብዳቤ ሲያጋጥም ራስጌውን ተመልከቱ። «ትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር» እና «ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከሆነ የንጉሡ ዘመን ነው። «ክፍለ ሀገር» እና «ኅብረተሰብአዊት ኢትዮጵያ» ካለ የደርግ ጊዜ ነው። «ኢሕዲሪ» (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) የሚል ከሆነ ከ1980 እስከ 1983 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወድቃል። «ዞን» ከ1984 በኋላ የመጣ ነው። ማኅተሙ ከደብዳቤው ራስጌ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ አዲስ ማኅተም እስኪቀረጽ አሮጌው ሲመታ ይቆያልና በማኅተም ብቻ አትፍረዱ።

መምህሩን ወደ ፖለቲካ የወሰዳቸውን መንገድ ለማግኘት ዝውውሮቹን ከአገሩ ክስተት ጋር አስተያዩ። በየካቲት 1966 የመምህራን አድማ ነበር፤ ታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ፤ ሐምሌ 1971 መሠረተ ትምህርት ተከተለ። በእነዚህ ጊዜያት መምህሩ የት ነበሩ? አድማ ላይ ተሳትፈው ተዛውረዋል? ዘምተው የተመደቡበት ጣቢያ የት ነው? የዝውውር ደብዳቤ «ለሥራው አመቺነት ሲባል» ብሎ ያልፋል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ምክንያቱን የሚያውቀው በዚያ ዓመት አብሯቸው ያስተማረ ሰው ነው። ከዚያ በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ክልሎች ሲቋቋሙና በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ በአካባቢው ቋንቋ መጻፍ የሚችል ሰው በድንገት ተፈለገ። መምህራን መጽሐፍ እንዲተረጉሙ ተጠሩ፣ ከዚያም ለአስተዳደር ታጩ። በእኔ እምነት የብዙዎቹ ሹመት ከድርጅት አባልነታቸው እኩል በዚህ ይገለጻል፤ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን አዘውትረው ይዘሉታል።

የግጥሞቹን ቀን ለማግኘት ከማኅደሩ ይልቅ የተማሪዎች ደብተር ይጠቅማል። አንድ መምህር የራሳቸውን ግጥም ለጽሕፈት ወይም ለአንብቦ መረዳት በቃል ሲያጽፉ ተማሪው እንደ ልማዱ ከላይ ቀኑን ይጽፋል። ከአርባ ዓመት በኋላ ያ ደብተር ሣጥን ውስጥ ከተገኘ፣ ግጥሙ ቢያንስ በዚያ ቀን እንደነበረ የሚመሰክር ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። የወላጆች ቀን ፕሮግራም፣ የትምህርት ቤት መጽሔትና የሚኒ ሚዲያ ወረቀቶችም እንዲሁ ናቸው። የቀድሞ ተማሪዎችን ስትጠይቁ «ደብተር አስቀምጣችኋል?» ማለትን አትርሱ፤ ሰው ፎቶ እንጂ ደብተር የሚፈለግ አይመስለውም።

የምክር ቤቱ ወረቀት

ፖለቲካውን በዙር አስቡት። የክልል ምክር ቤቶች ከ1987 ምርጫ ጀምሮ በዙር ይቆጥራሉ፤ ሁለተኛው ከ1992፣ ሦስተኛው ከ1997፣ አራተኛው ከ2002፣ አምስተኛው ከ2007፣ ስድስተኛው ከ2013 ምርጫ ይነሣል። በአንዳንድ ክልሎች ምርጫው የተካሄደበት ወር ይለያል። አንድ ዙር አምስት ዓመት ነው፤ አምስተኛው ግን የ2012 ምርጫ በኮሮና ምክንያት ስለተራዘመ ስድስተኛ ዓመት ጨመረ። «5ኛ ዙር 6ኛ ዓመት» የሚል ቃለ ጉባኤ ስታዩ የጽሕፈት ስሕተት ነው ብላችሁ አታርሙት።

የሥልጣኑን ዓይነት ለዩ። የምክር ቤት አባል ሕዝብ ይመርጠዋል። የቢሮ ኃላፊ በርዕሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማል፤ የምክር ቤት አባል ላይሆን ይችላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባልን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት የክልሉ ምክር ቤት ራሱ ይመርጣል፣ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋል። ቤተሰብ ሁሉንም «ፓርላማ ገብተው ነበር» ይለዋል። አንድ ሰው ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊሆንም ይችላል።

ሹመትና አዋጅ በየክልሉ ጋዜጣ ይፈለጋል፤ አማራ ክልል ዝክረ ሕግ፣ ኦሮሚያ መገለተ ኦሮሚያ አላቸው፤ የቀድሞው ደቡብ ክልል ደቡብ ነጋሪት ጋዜጣ ነበረው። ንግግርና ክርክር ግን እዚያ የለም። ለእሱ የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ዙሩን፣ ዓመቱን፣ የጉባኤውን ቁጥርና የምትፈልጉትን አጀንዳ ለይታችሁ ጻፉ። «ስለ እገሌ ያላችሁን ሁሉ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። የመረጃ ነፃነትን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ቢከለከል እምቢታው ከነምክንያቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ አቤቱታውም እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ይደርሳል። አዋጁን በደብዳቤው ላይ በአክብሮት መጥቀስ በቂ ነው፤ ጭቅጭቅ ውስጥ ከተገባ መዝገብ ቤቱ ይዘጋል።

ቃለ ጉባኤ የተባለውን ቃል በቃል አይዝም። ጸሐፊው ጨምቆ ነው የሚጽፈው፤ ክርክር የበዛበት ቀን «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» በሚል አንድ መስመር ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ባለታሪኩ «ተቃውመው ነበር» የሚል ትዝታ በቃለ ጉባኤው ባለመገኘቱ ብቻ ሐሰት አይሆንም። የክልሉ ብዙኃን መገናኛ ቅጂ ካለ እሱን ጠይቁ፤ የክልል ጋዜጦችንም፣ ለምሳሌ የአማራ ክልሉን በኩርን፣ በጉባኤው ሰሞን ያሉትን እትሞች ገጽ በገጽ እዩ። አንድ ነገር በሁለት ምንጭ ካልተገኘ በመጽሐፉ ውስጥ «እንደ እገሌ አስተያየት» ተብሎ ይግባ።

የሹም ሽር ቋንቋ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። «በሌላ ሥራ ተመደቡ»፣ «ለትምህርት ተላኩ»፣ «በራሳቸው ፈቃድ ለቀቁ» የሚሉት በእርግጥ እንደተባለው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከግምገማ በኋላ የመጣ ስንብት ሽፋንም ሊሆኑ ይችላሉ። ለመለየት የግምገማውን ጊዜ ከደብዳቤው ቀን ጋር አስተያዩ፣ አብረው የተነሡ ሌሎች ካሉም ቁጠሩ። ብዙ ሰው በአንድ ሳምንት «በፈቃዱ» ከለቀቀ ነገሩ ግልጽ ነው። በግምገማ መድረክ የተባለ ክስ ግን ክስ እንጂ የተረጋገጠ ጥፋት አይደለም፤ ሌላ ሰው ላይ የተሰነዘረ ከሆነ ያ ሰው ሳይጠየቅ አይታተምም።

የድርጅት ስሞችን በዘመናቸው ጥሩ። ኢሕዴን በ1986 ብአዴን ሆነ፤ በ2011 ደግሞ አዴፓ ተባለ። ኦሕዴድም በዚያው በ2011 ኦዴፓ ሆነ። ብልጽግና የመጣው በ2012 ነው። በ1995 የነበረን ሹመት «የአዴፓ» ብሎ የጻፈ መጽሐፍ በሌላውም ነገር አይታመንም።

ደብተሮቹና ስንኞቹ

ግጥሞቹ ላይ ረጅም ጊዜ ስጡ። መጀመሪያ የሚደረገው ቆጠራ ነው፤ እያንዳንዱ ደብተር፣ ብጣሽ ወረቀትና የታይፕ ገጽ ባለበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጠው። ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ በስክሪብቶ አይጻፍም፤ በለስላሳ እርሳስ ከጀርባ ጥግ ላይ ወይም በተለየ ፖስታ ላይ ይሁን። «ላስተካክለው» ብሎ በርእስ ወይም በይዘት መደርደር የቤተሰብ የተለመደ ጥፋት ነው። ቀን በተጻፈባቸው ሁለት ግጥሞች መሀል የተገኘ ቀን የሌለው ግጥም ዘመኑን የሚናገረው ባለበት ቦታ ነው፤ ከቦታው ሲነሣ መረጃው አብሮ ይጠፋል።

የስቴፕለር ሽቦ ከዛገ ቀስ ብላችሁ አውጡት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታሠሩ፤ ሁለቱም ወረቀቱን ያበላሹታል። ፌስታል ውስጥ ከቆየ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል፤ የካርቶን ፋይል ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ምስጥ ከማይደርስበት ማኖር ይሻላል። ጽሑፉን በ300፣ ፎቶና ደብዛዛ እርሳስ ጽሑፍን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። ባዶ የሚመስለውን የጀርባ ገጽና ሽፋኑንም ጨምሩ፤ ገጣሚዎች ስንኝ የሚሞክሩት እዚያ ላይ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በሌላ ከተማ ይቀመጥ።

የታይፕ ጽሑፍ ሲገለበጥ ተጠንቀቁ። የአማርኛው ታይፕራይተር ብዙ ፊደላትን የሚሠራው በመነሻው ፊደል ላይ ቅጥያ ምልክት በመጨመር ስለሆነ፣ ሪባኑ ሲደክም ቅጥያው ሳይታይ ይቀራል። «ቡ» የነበረው «በ»፣ «ሊ» የነበረው «ለ» ሆኖ ይነበባል። በስቴንስል የተባዛ ከሆነ ደግሞ የክብ ፊደላት መሀል ተቦድሶ ሊጠፋ ይችላል። በ1990ዎቹ በኮምፒውተር የተጻፈ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፤ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የዩኒኮድ ፊደል ስላልሆነ ነው። የድሮውን ፎንት ጭናችሁ ክፈቱትና መጀመሪያ በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ ከዚያ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ለውጡና ከፒዲኤፉ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሥርዓተ ነጥብና ዲቃላ ፊደላት፣ እንደ «ሟ» እና «ቷ» ያሉት፣ ሲቀየሩ በብዛት ይሳሳታሉ።

የፊደል አጻጻፉን አታርሙ። ባለታሪኩ ከቅኔ ቤት የመጡ ከሆነ ሀ፣ ሐ፣ ኀን እና ሠ፣ ሰን ለይተው ይጽፋሉ፤ ካልሆኑ ያቀላቅላሉ። ሁለቱም ስለ ትምህርታቸው ይናገራል። ግልጽ ግድፈት ካለ በግርጌ ማስታወሻ ይጠቀስ እንጂ ከስንኙ ውስጥ አይነካ።

የጎደለ ወይም የተጨመረ ቃል የሚታወቀው በምጣኔው ነው። ለማሳያ እዚሁ የተሠሩ ሁለት ስንኞች እንይ፦

ጠመኔዬን ጣልኩት ማኅተም ልይዝ ብዬ፣
ብናኙ ግን ቀረ ተጣብቆ በላዬ።

ይህ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስትና ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል የድምፅ ክፍል) ሆኖ መሀል ላይ ያርፋል። የሚቆጠረው ድምፁ ነው። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከፊቱ ካለው ጋር ስለሚዳበል «ጣልኩት» በጽሑፍ አራት ፊደል ቢሆንም ሲነበብ ሁለት ቀለም ነው። አሁን ገልባጩ «ግን»ን ቢዘል የሁለተኛው ስንኝ መጀመሪያ አምስት ይሆንና ያነክሳል። «ማኅተሙን» ብሎ ቢያስረዝምም ሰባት ይሆናል። ሌላው ግጥም ሁሉ ስድስት በስድስት ሆኖ አንድ ስንኝ ብቻ ካነከሰ ዋናውን ደብተር መልሳችሁ እዩ። ሆኖም ሁሉም ግጥም በወል ቤት አይጻፍም፤ አምስት በአምስት የሆነው ሰንጎ መገን አለ፣ ስምንት በስምንት የሚሄደው የፀጋዬ ቤት አለ፣ ቤት የማይመታም አለ። የግጥሙን ቤት ሳትለዩ «ተሳስቷል» አትበሉ። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ ስለማይታይ ከባለታሪኩ አፍ ግጥሙን የሰማ ሰው ካለ አንብቦላችሁ ቅዱት፤ የሚያከራክር ቦታ ብዙውን ጊዜ በዚያ ይፈታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ገጣሚው ሹም ስለነበሩ አንባቢ ሁሉ ግጥሙን እንደ ምስክርነት ቃል ማንበብ ይወዳል። ስለ ወንበር የተጻፈ ግጥም ከተገኘ «ከሥልጣን ሲነሡ የጻፉት ነው» ይባላል። ደብተሩ ሲታይ ግን ከሹመቱ በፊት፣ ገና ትምህርት ቤት ሳሉ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ግጥሙ ከስንት እስከ ስንት ዓ.ም. ባለው ጊዜ እንደተጻፈ አረጋግጡ፤ ቀጥሎ በዚያ ጊዜ የያዙትን ሥራ ከሠንጠረዡ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፍቺ ስጡ። ሰምና ወርቅ ካለው ሁለቱንም ፍቺ ጻፉ፣ ወርቁን የነገራችሁ ማን እንደሆነና ከገጣሚው ሰምቶ ይሁን ራሱ ገምቶ ጨምራችሁ። ግምት ከሆነ ግምት ነው በሉ።

የታተመውና በእጅ የተጻፈው ሲለያይ ዘመኑን አስቡ። ቅድመ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 34/1985 እስኪቀር ድረስ መጽሐፍና ጋዜጣ በሳንሱር በኩል ያልፍ ነበር። ከዚያ በፊት ከታተመ ግጥም ላይ የጎደለ አንጓ የመርማሪ እጅ ሊሆን ይችላል፤ የገጣሚው የራሱ እርማትም ሊሆን ይችላል። በደብተሩ ላይ ስረዛው በገጣሚው ቀለምና እጅ ከሆነ ሁለተኛው ነው። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አትሙ።

ለበዓል፣ ለልማት ዘመቻና ለምርጫ ቅስቀሳ የተጻፉትን ግጥሞች ከመድበሉ ማውጣት የሚፈልግ ቤተሰብ ይኖራል። ዘመኑ ስላለፈ ያሳፍራል በሚል ነው። እኔ በጽኑ እቃወማለሁ። እነዚያ ግጥሞች ባለታሪኩ በሥልጣን ላይ ሳሉ ለሕዝብ ምን ይሉ እንደነበር ያሳያሉ፤ ከደብተሩ የግል ግጥሞች ጎን ሲቀመጡ ሰውየው ሙሉ ሆነው ይታያሉ። ይልቅ የተነበቡበትን መድረክና ቀን ከሥራቸው ጻፉ።

ሰው መጠየቅ

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ በአንድ ሌሊት፣ በኀዘን መሀል የተጻፈ ነው። የልጆችን ስምና ቁጥር ለማወቅ ይጠቅማል፤ ዓመተ ምሕረቶቹን ግን ሌላ ማስረጃ ሳታገኙ አትውሰዱ። ጋዜጣውም ከእሱ ስለሚገለብጥ ሁለት ምንጭ ያገኛችሁ ይመስላችኋል፤ ምንጩ አንድ ነው።

ቤተሰብን ከአርባው በፊት አትጠይቁ። ከሹሞች ይልቅ የቢሮ ጸሐፊዋንና ሾፌሩን ቀድማችሁ አግኙ፤ ደብዳቤው በየትኛው ቀን እንደተተየበ፣ ማታ ማን ቤት እንደተሄደ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የሚጠይቃቸውም ስለሌለ ታሪኩን አልቀቡትም። የፖለቲካ ተቃራኒዎቻቸውንም ሳትጠይቁ መጽሐፉን አትዝጉ። «እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» የሚል ጥያቄ ውዳሴ ብቻ ያመጣል። «ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?»፣ «ስብሰባ ላይ የት ይቀመጡ ነበር?»፣ «ግጥም የሚያነቡት ከደብተር ነው ወይስ በቃላቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስልኩን ከጥሪ ዝግ አድርጋችሁ ቅዱ፤ ፈቃዱን፣ ቀኑንና ቦታውን መጀመሪያ ላይ በድምፅ አስገቡ። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳልና ጊዜያችሁን በዚያ ልክ መድቡ።

መብትና ኅትመት

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሞቹ መብት በገጣሚው የሕይወት ዘመንና ካረፉ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾች ይቆያል። ስለዚህ የሁሉንም ወራሾች ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የበኩር ልጅ ፊርማ ብቻ አይበቃም፣ ጠቡ የሚመጣው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነው። ለባለታሪኩ የተላከ ደብዳቤ ወረቀቱ የቤተሰቡ ቢሆንም ጽሑፉ የላኪው ስለሆነ ላኪውን ጠይቁ። በሥራ ላይ ሳሉ ያዘጋጁት መማሪያ መጽሐፍ መብቱ የአሠሪው መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። የሕግና የአስተዳደር ኦፊሴላዊ ጽሑፎች ግን የቅጂ መብት የለባቸውም።

አንቱታውን ቀድማችሁ ወስኑ። ልጅነቱን በ«እሱ» ጽፎ ከመምህርነት ጀምሮ ወደ «እሳቸው» መሻገር ይቻላል፤ ሹመት ሲመጣ መቀየር ግን መምህርነቱን ዝቅ ያደርጋል። የተቃዋሚዎቻቸውንም አንቱታ እኩል ጠብቁ።

ገጹ ሲዘጋጅ ረጅሙ ስንኝ በአንድ መስመር እንዲያልቅ የፊደሉን መጠንና የገጹን ስፋት በእሱ ልክ አስተካክሉ፤ ያለዚያ ቤት መምቻው ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርድና ግጥሙ ዝርው ይመስላል። የመጨረሻውን ረቂቅ ግጥሞቹን በቃሉ የሚያውቅ የቀድሞ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ዋናውን ደብተር ይዞ ይከተለው። መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ ከስካኑ ጋር ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ አንድ ስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አንድ ደግሞ መጀመሪያ ላስተማሩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡና የርክክብ ወረቀት ተቀበሉ።